ስለ ቡና አመጣጥ፤ ተረቱና እውነቱ

ሰው የማይወደውን ወሬ ሲሰማ «ማን አየ? ማን ሰማ? ምስክሩስ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚወደውን ወሬ ሲሰማ ግን ምስክር ሳይጠራ፥ ማስረጃም ሳይሻ፥ ተቀብሎ ለሌላው ያወራል። ይህ ጠባይ በችሎት ላይ ቢታይ ዳኛውን አድላዊ ያሰኘዋል፤ በታሪክ ላይ ሲታይ ግን ብዙውን ጊዜ የአገር ፍቅር እየተባለ ይመሰገናል። እኛ የማሻ ተማሪዎች ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ቡና አመጣጥ ለመጻፍ ስንነሣ በቅድሚያ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ስለ ቡና የሚነገረው ነገር ሁሉ ለደቡብ ምዕራብ ሰው ጆሮ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ጠንክረን ልንመረምረው የሚገባን እኛው ነን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ በሁሉ ዘንድ የታወቀውን የካልዲን ነገር እንመልከት። ካልዲ የሚባል የፍየል እረኛ በካፋ ደን ውስጥ ፍየሎቹ አንድ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉና ሲጨፍሩ አየ፤ እርሱም ፍሬውን ቀምሶ ድካሙ ለቀቀው፤ ከዚያም ለመነኮሳት ወሰደላቸው፤ እነርሱም አፍልተው ጠጥተው ሌሊቱን ሁሉ ያለ እንቅልፍ በጸሎት አደሩ ይባላል። አንዳንዱ ተራኪም ይህ የሆነው በ9ኛው ምእት ዓመት ነው እያለ ዘመን ይቆርጥለታል። ነገሩ አጭር ነው፤ ያምራል፤ ለልጅም ለእንግዳም ለመንገር ይመቻል።

ይሁን እንጂ ታሪክ የሚማር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህን መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? መቼስ ጻፈው?» የሚለው ነው። መልሱም አይጠፋም። የእረኛውን ነገር በአውሮፓ በመጽሐፍ ያወጣው በሮማ የሱርስት ቋንቋ መምህር የነበረው ማሮናዊው ሊቅ ፋውስጦስ ናይሮን ነው፤ መጽሐፉም የታተመው በ1671 ነው። በናይሮን ጽሑፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። የሚጠብቃቸውም እንስሳት ግመሎች ወይም ፍየሎች ናቸው ይላል እንጂ ለይቶ አይናገርም። ነገሩ የሆነበትም አገር የመን ነው እንጂ ኢትዮጵያ አይደለም። ካልዲ የሚለው ስምና የኢትዮጵያ ደን የተጨመሩት በኋለኞቹ ተራኪዎች ነው፤ አሜሪካዊው ዊልያም ዩከርስ በ1922 ያሳተመው ትልቅ የቡና መጽሐፍም ካልዲንና የሚጨፍሩትን ፍየሎች ከነሥዕላቸው ለዓለም አንባቢ አስተዋወቀ።

እንግዲህ በ1671 የተጻፈ፥ የሌላ አገር ስም የሚጠራ ታሪክ፥ ከዚያ 800 ዓመት አስቀድሞ በካፋ ሆነ ለሚባል ነገር ምስክር ሊሆን ይችላልን? ከቶ አይችልም። ተረቱን ለሕፃናት መተረት ነውር የለበትም፤ ተረት የራሱ ማዕድ አለው። ነውሩ ተረቱን ከታሪክ ማዕድ ላይ አስቀምጦ ሌላውን ብላ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚጣፍጥ ነገር የስሙ ጉዳይ ነው። ፈረንጆች ቡናን የሚጠሩበት ስም «ኮፊ» ወይም «ካፌ» ከካፋ የመጣ ነው ይባላል። ድምፁ ስለሚቀራረብ ለማመን ይቀላል። ዳሩ ግን የቃሉን መንገድ ወደ ኋላ ብንከተለው፥ አውሮፓውያን ስሙን የወሰዱት «ካህቬ» ከሚሉት ከቱርኮች ነው፤ ቱርኮችም «ቀህዋ» ከሚሉት ከዐረቦች ወሰዱት። «ቀህዋ» ደግሞ ዐረቦች ቡናን ከማወቃቸው በፊት የወይን ጠጅን ይጠሩበት የነበረ አሮጌ ቃል ነው። ከዚህም በላይ አንድ ቀላል ነገር ማስተዋል ይገባል። ካፋዎች ራሳቸው ተክሉን «ቡኖ» ይሉታል እንጂ በአገራቸው ስም አይጠሩትም። አማርኛውና ኦሮምኛውም «ቡና» ነው፤ ዐረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። የድምፅ መመሳሰል ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

ሦስተኛው ነገር በተለይ እኛን የሸካን ልጆች የሚፈትን ነው። የሸካ ሕዝብ በቀድሞ ዘመን በሌሎች ዘንድ «ሞቻ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አገራችን በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር የሞቻ አውራጃ ተብላ ትታወቅ ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ወልፍ ሌስላውም በ1959 የሕዝባችንን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሲያሳትም የሰየመው በዚሁ ስም ነው። በዓለም ገበያ ደግሞ «ሞካ» የሚባል ዝነኛ ቡና አለ። ሁለቱ ስሞች በብዙ የውጭ መጻሕፍት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ፊደላቸው አንድ ነው። ታዲያ «ዝነኛው ቡና ስሙን ከእኛ ወሰደ» ብሎ ለመጻፍ ምንኛ ይቀላል! የሚሰማውም ሰው ደስ ይለዋል፤ የሚቃወምም በቅርብ አይገኝም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሞካ ቡና ስሙን ያገኘው በቀይ ባሕር ዳር ከምትገኘው ከየመን ወደብ ከሙኻ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ምእት ዓመት የአውሮፓ ነጋዴዎች መርከብ እየላኩ ቡና የሚጭኑት ከዚህች ወደብ ስለ ነበር ሸቀጡ በወደቡ ስም ተጠራ። የሁለቱ ስሞች መመሳሰል የላቲን ፊደል ያመጣው አጋጣሚ ነው፤ በራሳችን ፊደል ብንጽፋቸው አንዱ በ«ቻ» ሌላው በ«ካ» ይጨርሳል፥ ልዩነታቸውም ወዲያው ይታያል። ስለዚህ የሸካ ልጅ ይህን ክብር ለየመን ወደብ በቅንነት ይተዋል።

አራተኛም አለ። የቡና ሥርዓታችን፥ ይኸውም ቄጠማው፥ ዕጣኑ፥ ጀበናውና ሦስቱ ሲኒ፥ በኢትዮጵያ ሁሉ ዘንድ ከሺህ ዓመት ጀምሮ የነበረ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን በሰሜኑ ደጋ በክርስቲያኑ ዘንድ ቡና የሙስሊሞች መጠጥ እየተባለ እስከ 19ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ገደማ ይነቀፍ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ነቀፌታው የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት ያለ ሃይማኖት ልዩነት የሚጠራራበት ቡና ትናንት የሚያለያይ ነገር ነበር ማለት ነው። ይህን እውነት ብንሰውረው ሕዝባችን ልማዱን ለውጦ አብሮ ለመጠጣት የበቃበትን መልካም ታሪክ አብረን እንሰውረዋለን።

አንባቢ ሆይ፥ እስከዚህ ድረስ የጻፍነውን አይተህ «ታዲያ ለእኛ ምን ቀረልን?» ትል ይሆናል። የቀረልን ከተወው ይልቅ ብዙ ነው። ወደ እርሱ ከመሄዳችን በፊት ግን፥ የሚመቸውን ነገር ሳይመረምሩ የመቀበል ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳይመስል የውጭ አገር ሊቃውንትንም እናንሣ።

ስዊድናዊው የእፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 ዕፅዋትን ሁሉ በስም ሲመድብ ለቡናችን ያወጣለት ስም «ኮፌያ አራቢካ» ይኸውም የዐረብ ቡና የሚል ነው፤ የመኖሪያ አገሩንም የመን ብሎ ጻፈ። ይህን ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቡና ወደ አውሮፓ የሚመጣው በየመን በኩል ነበር፤ እርሱም ዕቃው የተጫነበትን ወደብ የተክሉ የትውልድ አገር አድርጎ ወሰደው። ይህን ያህል ታላቅ ሊቅ እንኳ በቅርብ ያገኘውን ተቀብሎ ወደ ሥሩ ሳይደርስ ቀረ። ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ከእርሱ በኋላ ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ቡና የካፋ ተወላጅ ተክል መሆኑን ጻፈ። ይህ ቃል ለእኛ ይመቸናል። ሆኖም ብሩስ ጎንደርንና የዓባይን ምንጭ አየ እንጂ ካፋን በዓይኑ አላየም፤ የጻፈው ከሰው የሰማውን ነው። ስለዚህ የብሩስን ቃል የምንቀበለው እንደ ጥሩ ጥቆማ እንጂ እንደ ዓይን ምስክር አይደለም። ከሊኔዎስ ቃል የሚለየው በኋላ በተገኘው ማስረጃ በመደገፉ ነው። ብሩስ እኛን ስለ ጠቀመ ብቻ ከሊኔዎስ የበለጠ ታመነ ብንል ግን ሚዛናችን የተዛባ ይሆናል።

የተክል የትውልድ አገር በምን ይታወቃል? ሊቃውንት በተለይ ሦስት ነገር ይመረምራሉ። አንደኛ፥ ተክሉ ሰው ሳይዘራው በዱር ራሱን እየዘራ ይበቅላልን? ሁለተኛ፥ በዚያ አገር የሚገኘው ዓይነት ከሌላው አገር ይልቅ የተለያየ ነውን? ሦስተኛ፥ የዘሩ ትውልድ ሲመረመር ወዴት ያመራል?

በመጀመሪያው ጥያቄ የካፋ፥ የሸካ፥ የቤንችና የኢሉባቦር ደኖች ይመሰክራሉ። በእነዚህ ደኖች ውስጥ ቡና በትልልቆች ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ዘርቶ ራሱ ይበቅላል። በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው የቡና መልእክተኛ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ይህንኑ መርምሮ ዘር ሰብስቧል። እዚህም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደኑ ሰው ከጥንት ጀምሮ በደን ቡና ሥር ሲመነጥር፥ ችግኝ ሲያዛውር፥ ፍሬ ሲለቅም የኖረ ስለሆነ በደን ውስጥ የሚገኝ ቡና ሁሉ የሰው እጅ ያልነካው ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ብሪታንያዊው የእፅዋት ሊቅ ቶማስ በ1942 እንደ ጻፈው የዱር ቡና ዛሬ የደቡብ ሱዳን ክፍል በሆነው በቦማ ተራራማ አገርም ይገኛል። ቡና የበቀለው በመካከል የፖለቲካ ወሰን ከመሰመሩ እጅግ አስቀድሞ ነውና ይህን ለመቀበል አንፈራም።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቡና የስደት ታሪክ ነው። ሆላንዶች በ17ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ቡናን ወደ ጃቫ ወሰዱ። በ1706 ከጃቫ አንድ ተክል ወደ አምስተርዳም የእፅዋት አትክልት ስፍራ መጣ፤ ከእርሱ የተገኘ ችግኝም በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። ከዚያ ዘር በ1720ዎቹ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገረ፤ ሌላም ጥቂት ችግኝ ከየመን ወደ ቡርቦን ደሴት ተወስዶ ነበር። የላቲን አሜሪካ ሰፊ የቡና እርሻ በአብዛኛው የእነዚህ የጥቂት ዛፎች የልጅ ልጅ ነው። የእኛ ደን ግን የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የብዙ ነገድ መኖሪያ ነው፤ በቅጠል፥ በፍሬ፥ በጣዕምና በሽታን በመቋቋም የሚለያዩ ዓይነቶች በአንድ ተራራ ላይ ይገኛሉ።

በሦስተኛውም ጥያቄ ሳይንስ በቅርብ ዘመን ትልቅ ነገር ገለጸ። የእኛ ቡና ክሮሞሶም 44 ነው፤ የሌሎቹ የቡና ዝርያዎች ግን 22 ነው። በ1999 የታተመ ምርምር እንዳረጋገጠው አራቢካ የተወለደው በጥንት ዘመን ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል ነው፤ አንዱ ሮቡስታ የምንለው ሲሆን ሁለተኛው ዩጄንዮይዴስ የሚባለው ነው። ሁለቱ ወላጆች በዱር የሚታወቁት ከእኛ በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ባሉት የአፍሪካ አገሮች ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው የቡና ዛፍ የበቀለው በዚህ ኮረብታ ላይ ነው» ብሎ ጣትን መቀሰር ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። «አራቢካ ቡና በዱር ኖሮ የበዛውና የተለያየው ከሁሉ ይልቅ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው» ማለት ግን ማስረጃው የሚሸከመው ቃል ነው።

ስለ መጠጡም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ቡና ጠጪ ስም የሚነግር ጥንታዊ ጽሑፍ አልተገኘም። ቡና በመጠጥነት ስለ መለመዱ የታወቀው የጽሑፍ ማስረጃ የሚናገረው በ15ኛው ምእት ዓመት ስለ ነበሩት የየመን ሱፊዎች ነው፤ እነርሱም ለሌሊት ጸሎት እንዲተጉ ይጠጡት ነበር። በ16ኛው ምእት ዓመት ስለ ቡና የጻፈው አብዱልቃድር አል-ጀዚሪም በየመን ልማዱን ያስፋፋው ሰው ከባሕር ማዶ ከአፍሪካ በኩል አይቶት እንደ ተመለሰ የሚናገር ቃል መዝግቧል። እንግዲህ ተክሉ የእኛ ደን ልጅ ነው፤ ስለ መጠጡ መጀመሪያ የጻፉት ግን ከባሕር ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሁለቱንም መናገር ማንንም አያሳንስም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ምርመራ ምን ይጠቅማል? ካልዲ ቢኖር ባይኖር ቡናው ያው ቡና ነው» ይል ይሆናል። ጥቅሙን በሥራ የታየ ነገር ይመልስልን። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የተባለው ሻጋታ ወደ አገራችን ገባ። ይህ በሽታ በ1922 በኬንያ የታወቀ ሲሆን ፍሬውን ገና በለጋነቱ እያጠቆረ ያረግፋል። በዚያን ጊዜ ገበሬውን የረዳው የእረኛው ተረት አልነበረም። በ1967 የተቋቋመው የጅማ ምርምር ጣቢያ ሊቃውንት በየደኑና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች መለየት ጀመሩ። በ1974 ከመቱ አካባቢ ከቢሻሪ ከተመረጡት ዛፎች 74110 እና 74112 የሚባሉት ዓይነቶች ተገኝተው ለገበሬ ተሰራጩ፤ የቁጥራቸውም መጀመሪያ የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። መቱም ከእኛ ሩቅ አይደለችም። «ደኑ የተለያየ የቡና ዘር አለው» የሚለው ቃል እውነት ስለ ነበር መድኃኒቱ በዚያው ተገኘ። ቃሉ የሚጣፍጥ ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈለገው ሁሉ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ሁለተኛም ጉዳት አለ። እውነትን ከሐሰት ጋር አንድ ላይ ያሰረ ሰው ሐሰቱ ሲጋለጥ እውነቱም አብሮ ይወድቅበታል። የእኛ ተማሪ ከሌላ አገር ተማሪ ጋር ቢከራከርና የክርክሩን መሠረት በካልዲ ላይ ቢያቆም፥ ያኛው ናይሮንን ጠቅሶ «እረኛው የመናዊ ነው» ቢለው ምን ይመልሳል? ደኑን፥ ዓይነቱንና የዘሩን ትውልድ ምስክር ማድረግ ሲችል የማይቆም ምስክር ጠርቶ ተረታ ማለት ነው። አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ስለ ከተማችን ስለ ማሻም ቢሆን በዚሁ ሚዛን እንናገር። ማሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች፥ ዝናብ የሚበዛባት፥ የእንሰትና የማር አገር ናት። የዱር ቡና የሚወደው ከዚህ ዝቅ ያለውን፥ ወደ ቴፒ የሚወርደውን የደን አገር ነው። ስለዚህ የማሻ ሰው ስለ ቡና ሲመካ የሚመካው በአጠቃላይ በሸካ ደን ነው፤ በራሱ ጓሮ ያልበቀለውን በጓሮዬ በቀለ ማለት አይገባውም። ቆላው ቡናውን ይሰጣል፤ ደጋው ውሃውን፥ ማሩንና እንሰቱን ይሰጣል፤ ደኑም አንድ ሆኖ ሁለቱን ይይዛል።

ይህ ደን በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ የሸካ ደን ባዮስፌር ተብሎ ተመዝግቧል፤ የካፋና የያዩ ደኖችም በ2010 ተመዝግበዋል። ሆኖም መመዝገብ መጠበቅ አይደለም። ከሸካ ደን ከፊሉ ለሻይና ለቡና ተክል እርሻ መመንጠሩን ሁላችን እናውቃለን። የታሪክ ተማሪ ይህን ሲያይ የሚያዝነው ለዛፉ ብቻ አይደለም። ሌላው አገር ታሪኩን በብራናና በድንጋይ ላይ ጽፎ አኑሯል፤ ስለ ቡና ያለው ማስረጃችን ግን በሕይወት ያለ ዛፍ ነው። ብራና ቢቃጠል ግልባጩ በሌላ ደብር ይገኝ ይሆናል፤ አንድ የዱር ቡና ዓይነት ከነዘሩ ከጠፋ ግን ግልባጭ የለውም። በተረት የሚረካ ሰው ለደኑ አይጨነቅም፤ ካልዲ ዛፍ አያስፈልገውምና። እውነትን የሚፈልግ ሰው ግን ምስክሩ እንዳይሞትበት ይጠብቃል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የታሪክ ጽሑፍ ስንጽፍ ያየነውን፥ የሰማነውንና ያሰብነውን ለየብቻ እናስቀምጥ። የሰማነውን ስንጽፍ ከማን እንደ ሰማን እንናገር። ደስ ያሰኘንን ነገር ደግሞ ካሳዘነን ነገር ይልቅ ሁለት ጊዜ እንጠይቀው። መምህሮቻችንም ፈተናችንን ሲያርሙ ያማረውን መልስ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን በትክክል የሰጠውን እንዲያከብሩልን እንለምናለን። ወላጆቻችንም በደን ውስጥ የምታውቁትን የቡናውን ዓይነት፥ ስሙንና ጠባዩን፥ የትኛው በዝናብ ማነስ ጊዜ እንደሚጸና፥ የትኛው በሽታ እንደማይነካው ንገሩን፤ እኛም የነገራችሁንን ሳንጨምርና ሳንቀንስ በደብተራችን እንጽፈዋለን። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ይህ ደብተር ከካልዲ ፍየሎች የበለጠ ይጠቅማቸዋል።